ሳይለካ አይቆረጥም፦ ስለ ስቶማና ስለ ከረጢቱ ጥያቄና መልስ

እንደምን አመሻችሁ። የካራ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ኢሊዮስቶሚ ከተሠራልኝ 11 ዓመት ሆነኝ። ቀጭኑ አንጀቴ በሆዴ ቀኝ በኩል ወጥቷል፣ የወጣው ጫፍ ስቶማ ይባላል፤ ሰገራዬም ሆዴ ላይ ወደሚለጠፍ ከረጢት ነው የሚወርደው። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። ስለ ከረጢት ልክ፣ ስለ ማቃጠልና ስለ መፍሰስ የማውቀውን ግን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ኮሎስቶሚ (የወጣው ትልቁ አንጀት) ይሁን ኢሊዮስቶሚ፣ ከተሠራ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ከረጢቱም አንድ ወጥ (ከተለጣፊው ጋር የተያያዘ) ይሁን ባለ ሁለት ክፍል (ከተለጣፊው ጋር የሚገጠም) ጻፉልኝ። ይህ ከሌለ መመለስ አልችልም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ ኢሊዮስቶሚ ነው፣ 3 ወር ሆኖኛል፣ ባጉ አንድ ወጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በርበሬ እንደነካው ያቃጥለኛል፣ ሌሊትም አያስተኛኝም። የወጣው አንጀት ታሞ ይሆን? የምቆርጠው ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ነርሷ በሰጠችኝ ልክ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አንጀቱ አይደለም። ስቶማው ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። ቀይና እርጥብ ከሆነ፣ ስትጠርጊውም ትንሽ ደም ብታይበት ጤነኛ ነው። የሚያቃጥልሽ ዙሪያው ያለው ቆዳ ነው። ከኢሊዮስቶሚ የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭበት ኢንዛይም አብሮት ይወጣል፤ ቆዳ ላይ ካረፈ ቆዳውንም እንደ ምግብ ይፈጨዋል።

ለምን ቆዳ ላይ አረፈ? መልሱ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርሽ ውስጥ አለ። ስቶማ ከኦፕራሲዮን ሲወጣ ያበጠ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት እየሟሸሸ ይሄዳል። አንቺ 3 ወር ሆኖሽ ባበጠበት ቀን ልክ እየቆረጥሽ ነው። አራስ ሴትን በወለደች በሳምንቷ ለክቼ ለዓመት በዓል ቀሚስ ብሰፋላት ይንዘላዘልባታል። በቀሚስ ላይ የተረፈው ጨርቅ ነው። እዚህ ላይ የተረፈው ግን ፈሳሽ የሚያርፍበት እርቃን ቆዳ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ፣ ፈሳሹ በሚቀንስበት ሰዓት ከረጢቱን አንሺ። ሙጫውን አትጎትቺ፤ በአንድ እጅ ቆዳውን ወደ ታች ተጫኚ፣ በሌላው ቀስ እያልሽ ላጪው። በውሃ ብቻ እጠቢ፣ ደረቅ እስኪል አድርቂ። የመለኪያ ካርድ ከሌለሽ ንጹሕ የሚያሳይ ላስቲክ በላዩ ዘርግተሽ በእስክሪብቶ ንደፊው። ስትነድፊ የስቶማውን አናት ሳይሆን ሥሩን፣ ከቆዳው ጋር የሚገናኝበትን ተከተዪ። አናቱ እንደ እንጉዳይ የሰፋ ብዙ አለ፤ በአናቱ የለካ ሁሌም አስፍቶ ይቆርጣል። ሞላላ ከሆነ ክብ አታድርጊው፣ እንደ መልኩ ንደፊው።

ቀዳዳው ከነደፍሽው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ። ከዚያ ከጠበበ ስቶማውን ያሻዋል፣ ያደማዋል። እኔ የምቆርጠው በትንሽ የጥልፍ መቀስ ነው፣ ጫፉ ቆልመም ያለ። አንድ ወጥ ከረጢት ስትቆርጪ ከቀዳዳው ጣትሽን አስገብተሽ የፊተኛውን ፕላስቲክ ከመቀሱ አርቂው፤ እኔ በመጀመሪያው ወር ሁለት ከረጢት በስቼ ጥያለሁ። ከቆረጥሽ በኋላ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣትሽ ዙሪያውን አሺው፣ ሹል ነገር አይቅርበት። በክረምት እዚህ ካራ ሙጫው እንደ ካርቶን ይደርቃል፤ ብብቴ ሥር 5 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከለጠፍሽ በኋላ መዳፍሽን ጭነሽ አንድ ሁለት ደቂቃ ያዢው፤ ሙጫው በሰውነት ሙቀት ነው የሚይዘው።

ለተላጠው ቆዳ የስቶማ ዱቄት በስሱ ነስንሺ፣ የተረፈውን አራግፊ፣ ከዚያ ለጥፊ። ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ ቅቤ አይነካውም። ቅባት ባለበት ሙጫ አይዝም።

ከሱሉልታ፦ እናቴ ላይ ማር ቀብተን ነው የዳነችው። ለምን አይነገርም?

ከሰንዳፋ፦ ማር ላይ ምን ሊለጠፍ ነው?

ከሱሉልታ፦ ማር ቁስል ያድናል፣ ሐኪሞችም ያውቁታል። አንተ ሞክረህ ነው የምታወራው?

ከሰንዳፋ፦ ሞክሬ ነው። ታክሲ ውስጥ ነው የተላቀቀብኝ።

መልስ፦ ልጆቼ፣ ማር ለሌላ ቁስል ምን እንደሚያደርግ ለሐኪም እንተወው። እዚህ የምናወራው ሙጫ ስለሚለጠፍበት ቆዳ ነው። ሙጫው ካልያዘ ያፈሳል፣ ካፈሰሰ ይላጣል። እናትሽ በመዳኗ ደስ ብሎኛል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከአያት፦ ባጉ አይቆይልኝም፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቱ ባግ? ስንት ቀን ነው የማይቆየው? መጀመሪያ ላይ የለመንኩህን ጽፈህ ተመለስ።

ከሰበታ፦ አባቴ ናቸው፣ ኮሎስቶሚ፣ አንጀታቸው ተጠማዞ ነው የተሠራላቸው፣ 8 ወር ሆናቸው። ስቶማው ከቆዳው እኩል ሆኗል፤ ሲቀመጡ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከሥር ያፈሳል። ባለ ሁለት ክፍል ነው።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ዘንድሮ አንጀት ተጠማዞበት የመጣ ሰው ስንቱን አየሁ! አገራችን ውስጥ ለትልቁ አንጀት መዘጋት ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። አባትህን ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው እያቸው። ተጋድመው ሆዳቸው ጠረጴዛ ይመስላል፤ ሲቀመጡ ግን እጥፋቱ ይወጣል፣ ፈሳሹም በዚያ እጥፋት ነው መንገድ የሚያገኘው። ወደ ውስጥ ለገባ ስቶማ ጠፍጣፋው አይሆንም። ከጀርባው ጎበጥ ያለ አለ፣ ኮንቬክስ ይሉታል፤ ዙሪያውን ቆዳ ይጫንና ስቶማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ በወገብ ቀበቶም ይያዛል። ትንሽ እጥፋት ከሆነ ደግሞ የሚለጠጥ ቀለበት ወይም ፔስት ይሞላዋል። ፔስቱ ብዙ ጊዜ አልኮል አለበት፣ በተላጠ ቆዳ ላይ ያንገበግባል። ነገር ግን በስቶማው ዙሪያ ሆዳቸው ካበጠ፣ ሲያስሉ የሚገፋ ነገር ካለ፣ ሐኪም ሳያይ ጎበጡን አትግዛ። ቅባትም አይነካው።

ከገላን፦ ከውጭ ዘመድ ባለ ሁለት ክፍል ላከልኝ፣ ከረጢቱ ከተለጣፊው ጋር እምቢ አለ። የመግጠሚያ ቀለበታቸው 44 እና 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንድ ሚሊ ይሄን ያህል?

መልስ፦ አዎ፣ ይሄን ያህል። እንደ ኩባንያው ይለያያል፦ ሆሊስተር 44፣ 57፣ 70 አለው። ኮንቫቴክ 45፣ 57፣ 70 አለው። ኮሎፕላስት 40፣ 50፣ 60 አለው። 57 እና 57 ቢሆኑ እንኳ ኩባንያቸው ከተለያየ አትመናቸው፤ ጠቅ ያለ ቢመስልህ መንገድ ላይ ይከፈታል። ለዘመድህ የኩባንያውን ስምና ቁጥሩን ከማሸጊያው ፎቶ አንስተህ ላክ። ቀኑንም እይ፣ ያለፈበት ሙጫ አይዝም። ቆርቆሮ ጣራ ሥር አታስቀምጠው፣ ሙቀት ያበላሸዋል።

ከአያት፦ ኮሎስቶሚ ነው ጋሼ። ባጉ ያፈሳል።

መልስ፦ ለቱሉ ዲምቱ የጻፍኩትን አንብበሃል? ለካህ? ካልለካህ ለካና ና። ከረጢቱ ሲሶ ወይም ግማሽ ሲደርስ ባዶ አድርገው፤ ሞልቶ የሚጠብቅ ከረጢት በክብደቱ ሙጫውን ይጎትታል።

ከለገጣፎ፦ ሁለት ዓመት ቅዳሴ አልሄድኩም። ሰው ይሸተዋል ብዬ እሳቀቃለሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ እኔም ጀመዓ ትቼ ቤቴ ነው የምሰግደው።

ከሰንዳፋ፦ እኔ እንደውም እንዲህ ሆኖ መግባት ይፈቀዳል ወይ ነው ጥያቄዬ።

ከሱሉልታ፦ ምን ማለትህ ነው? በሽታ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ የሚፈቀድ የማይፈቀደውን ንስሐ አባታችሁንና ኡስታዛችሁን ጠይቁ፤ እኔ አልመልስም፣ እናንተም እዚህ አትከራከሩበት። ስለ ሽታው ግን ልንገራችሁ። በደንብ የገጠመ ከረጢት ባዶ ሲደረግ እንጂ ተዘግቶ አይሸትም። ተዘግቶ ከሸተተ የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው፤ ያም የልክ ጉዳይ ነው። እኔ እሑድ ሌሊት ስነሳ ባዶ አደርገዋለሁ፣ ከኪዳን እስከ እትዉ በሰላም ቆሜ አስቀድሳለሁ። አጠገቤ የሚቆመው ጎረቤቴ እስካሁን አያውቅም። ለገጣፎ፣ ለክተሽ ቆርጠሽ በመጪው እሑድ ሂጂ፣ እባክሽ።

ከቡራዩ፦ ባግ ሲጠፋ እናቴ ፌስታል ደርባ በመቀነት ታስራለች። ቆዳዋ አልቋል። ውሃም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።

መልስ፦ ልቤን ነካኸው። ይህ ድካም ድሮ የሁሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤሊስ ሶረንሰን የምትባል የዴንማርክ ነርስ ነበረች። እህቷ ቶራ ስቶማ ተሠርቶላት ይፈስብኛል ብላ ከቤት መውጣት ፈራች። ነርሷ በራሱ ሙጫ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት አሰበችላት፤ ዛሬ የምንለጥፈው ከዚያ የመጣ ነው። እናትህ ያንን ያገኘች ቀን መቀነቱን ትፈታለች።

እስኪገኝ ድረስ መቀነቱን አታጥብቁት፣ ስቶማው ደም ያጥረዋል። የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ደራርባችሁ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ምንም በማይለጠፍበት ቀን ብቻ የሕፃናት ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ቆዳዋን ይከላከልላታል።

ከሰንዳፋ፦ ቅባት አይነካውም አላሉም?

መልስ፦ ሙጫ ለሚለጠፍበት ቆዳ ነው ያልኩት። ከረጢቱ ሲገኝ ቅባቱ ተጠራርጎ ይታጠባል። ስለ ውሃው፦ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ክዳን በመርፌ ብሱ፣ ለአንድ ጊዜ እጥበት ያ ይበቃል።

ከኮዬ ፈጬ፦ ኢሊዮስቶሚ አለኝ። መጾም እችላለሁ?

መልስ፦ ሐኪምህን ጠይቅ። ይህን ግን እኔም እናገራለሁ፦ እንደ ውሃ ብዙ ከወጣብህ፣ ሽንትህ ከጠቆረ፣ ራስህን ካዞረህ፣ ባዶ ውሃ ብቻ አትጠጣ፤ ኦ አር ኤስ በጥብጠህ ጠጣና ወደ ሕክምና ሂድ። ለሰዓታት ምንም ሳይወጣ ሆድህ ከቆረጠህና ካስመለሰህ፣ ወይም ስቶማው ከጠቆረ በዚያው ሌሊት ሂድ።

ከሰንዳፋ፦ ዋጋውስ ስንት ገባ?

መልስ፦ ዋጋ አልጽፍም፣ ይለዋወጣል።

ከጣፎ፦ የ7 ወር ልጄ…

መልስ፦ የሕፃን አልመልስም እህቴ። የሠሩለት የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ጋ ውሰጂው፤ ለሕፃናት የሚሆን የራሳቸው ከረጢት አለ፣ የአዋቂውን አትቁረጪለት።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ ጠዋትን መጠበቅ አልቻልኩም፣ ስላቃጠለኝ አሁን ፈታሁት። ላስቲክ ላይ ነደፍኩት። ወርዱ 28፣ ቁመቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ስቆርጥ የኖርኩት ግን 40 ነው።

መልስ፦ ካቃጠለሽ ፈሷል፣ መፍታትሽ ልክ ነው። 28 እና 40፤ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ቆዳ ነው 3 ወር ሙሉ ሲቃጠልልሽ የኖረው። ነድፉን ወርዱ 31፣ ቁመቱ 28 አድርጊና ቁረጪ። ዱቄቱን አትርሺ፣ ሙጫውን ብብትሽ ሥር አሙቂው። ላስቲኩን ቀን ጽፈሽ አስቀምጪው፣ በሳምንቱ ደግመሽ ለኪ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ለጥፌ መዳፌን ጭኛለሁ ጋሼ።

መልስ፦ ያዢው፣ ገና ነው። እስክነግርሽ አትልቀቂ።