ሞኖ፣ ዳይ፣ ትራይ፦ የኮቫለንት ውህዶች ስም (ጥያቄና መልስ)

ስለ ኮቫለንት ውህዶች (አተሞቻቸው ኤሌክትሮን ተጋርተው የተያያዙ ውህዶች) አሰያየም የጠየቃችሁኝን እነሆ። መጀመሪያ ስሙ ላይ እየተቀጠለ የአተሞቹን ብዛት የሚነግረን ቆጠራ ይያዝ፦ ሞኖ 1፣ ዳይ 2፣ ትራይ 3፣ ቴትራ 4፣ ፔንታ 5፣ ሄክሳ 6፣ ሄፕታ 7፣ ኦክታ 8፣ ኖና 9፣ ዴካ 10።

ጥያቄ፦ ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ለምን «ሞኖካርቦን ዳይኦክሳይድ» አልተባለም?

መልስ፦ ቀድሞ የሚጻፈው ንጥረ ነገር አንድ ከሆነ ሞኖ አይገባለትም። ሁለተኛው ግን አንድም ቢሆን ይቆጠራል። ካርቦን ሞኖክሳይድን እይ። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለየው በአንድ ኦክስጅን ነው። ዳይኦክሳይዱ ለስላሳ ውስጥ ገብቶ እንጠጣዋለን፤ ሞኖክሳይዱ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ ሽታ እንኳ ሳይኖረው ይገድላል። ሞኖን አትናቋት።

ጥያቄ፦ ማግኒዥየም ክሎራይድ ላይ ክሎሪኑ ሁለት አይደለም እንዴ? ዳይ የት ሄደ?

መልስ፦ ሁለት ነው። ግን ማግኒዥየም ሜታል ነው፤ ውህዱም አዮኒክ (ኤሌክትሮን በመስጠትና በመቀበል የተሠራ)። እዚያ ቁጥሩን ቻርጁ (የአዮኖቹ የኤሌክትሪክ ሙሌት) ይነግርሃል። ኖንሜታል (ሜታል ያልሆነ) ከኖንሜታል ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ብቻቸውን ስንት ዓይነት ውህድ እንደሚሠሩ አስብ። ስሙ ካልቆጠረልን በምን እንለያቸው?

ጥያቄ፦ ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድን አቃልዬ 1 ናይትሮጅን ለ2 ኦክስጅን ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ተደረገብኝ፤ ለምን?

መልስ፦ ኤክሱ ይገባሃል ወንድሜ! ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ማቃለል ለአዮኒክ ነው። ኮቫለንት ላይ ፎርሙላው አንዷ ሞለኪውል ውስጥ ያለውን ይቆጥራል፤ ስለዚህ 2 ናይትሮጅንና 4 ኦክስጅን እንዳለ ይጻፋል። ስታካፍለው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሆነብህ። እሱ ቡናማ ጋዝ ነው፤ ቴትሮክሳይዱ ግን ቀለም የለውም።

ጥያቄ፦ ቴትራኦክሳይድ ወይስ ቴትሮክሳይድ?

መልስ፦ የተለመደው ቴትሮክሳይድ ነው፤ ፔንቶክሳይድም እንደዚያው። ዳይና ትራይ አይነኩም። «ቴትራኦክሳይድ» ብሎ የጻፈም አልተሳሳተም።

ጥያቄ፦ ማን ይቀድማል?

መልስ፦ ኤሌክትሮን የመሳብ ጉልበቱ ያነሰው። ፍሎሪን ሁሌም መጨረሻ ነው፤ ኦክስጅን እንኳ ይቀድመዋል፦ ኦክስጅን ዳይፍሎራይድ።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ ውሃን «ዳይሃይድሮጅን ሞኖክሳይድ» ብል?

መልስ፦ ስህተት አይደለም፤ ግን ማንም እንዲያ ብሎ አይጠራውም። ውሃ፣ አሞንያና ሚቴን በቆየ ስማቸው ነው የሚታወቁት። አሞንያ 1 ናይትሮጅን ከ3 ሃይድሮጅን፣ ሚቴን 1 ካርቦን ከ4 ሃይድሮጅን ነው። ስማቸው ስለማይቆጥርልሽ መሸምደድ ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ጥያቄ፦ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድና ቴትራፎስፈረስ ዴኮክሳይድ አንድ ናቸው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ሞለኪውሉ 4 ፎስፈረስና 10 ኦክስጅን ነው። የድሮው ስም የመጣው 2 ለ5 ተብሎ ከተቃለለው ፎርሙላ ነው። አሁንም አልጠፋም። የዳፕ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ 18-46-0 የሚል ታያለህ፤ 46ቱ የፎስፈረሱ መጠን በዚያው በፔንቶክሳይድ ተሰልቶ ነው። ፈተና ላይ ግን ዴኮክሳይድ በል።