ቀለል ያለ አልበም ላሰባችሁ ልጆች

በቀደም አንዲት ወጣት ድምፃዊት «ጋሼ፣ ሁለተኛው አልበሜ ቀለል ቢል ሰው ይንቀኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስቄ አለፍኳት። ማታ ግን ያ የ1977ቱ ካሴት ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

ያኔ በሆቴል ባንድ ኪቦርድ እጫወት ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ የዓይነ ስውሩ አሜሪካዊ ድምፃዊ የስቲቪ ዎንደር አዲስ ካሴት መጣ ተባለና ቴፑን ከበብን። «ዘ ውማን ኢን ሬድ» ለሚባል ፊልም የሠራው ነው። እኛ የምናውቀው «ኢነርቪዥንስ» እና «ሶንግስ ኢን ዘ ኪ ኦፍ ላይፍ» የሚባሉትን ከባድ አልበሞች የሠራውን ሰውዬ ነው፤ ኮርዶቹን ለመልቀም ክሩ እስኪላላ ያጠነጠንንለትን። አሁን ደግሞ «አይ ጀስት ኮልድ ቱ ሴይ አይ ላቭ ዩ» አለን። ድራም ማሽን፣ ሕፃን ልጅ የሚይዘው ዜማ፣ «እወድሻለሁ ልልሽ ነው የደወልኩት» የሚል ግጥም። ሁላችንም የምንፈራው ትራምፔት ነፊያችን «የጥቁሮችን የከተማ ኑሮ ሳያይ ያሳየን ሰው፣ ዛሬ ቴሌ ቀጠረው እንዴ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ቤዝ ተጫዋቹ ብቻ አልሳቀም። እህቱ ካርቱም ነበረች። ያን ጊዜ ውጭ አገር ለመደወል ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ነው፤ ሲደርስም ማን እንደሚያዳምጥ ስለማይታወቅ ጤና ተጠያይቆ መዝጋት ነው። ተነሥቶ ካሴቱን መለሰና እንደገና ከፈተው። እኔም ወድጄው ነበር። ግጥሙ የዓመቱን በዓላት አንድ በአንድ እየጠራ «ዛሬ አንዱም አይደለም» ሲል፣ ወደ መጨረሻ ዜማው ግማሽ ድምፅ፣ እንደገና ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል፣ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ይከተሉት ነበር። ግን ትንፍሽ አላልኩም። ልጁ ብቻውን ቀረ። ዓመት ሳይሞላ እሱም አገር ለቀቀ፤ ያ ዝምታ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘፈኑን በስቲቪ አገርም የሚነቅፉት ብዙ ነበሩ። ሕዝቡ ግን በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1985 በዚሁ ዘፈን ኦስካር ሲሸለም ሽልማቱን ያኔ እስር ላይ በነበረው በኔልሰን ማንዴላ ስም ተቀበለ፤ በዚህም የተነሣ የደቡብ አፍሪካው የመንግሥት ብሮድካስት ሥራዎቹን በሙሉ ከአየር አወረደ። በዚያው ሰሞን ለእኛ ረሃብ በተዘፈነው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ላይም ድምፁ አለ።

የእናንተ ዘመን ደግሞ ዘፈኑ ሳያልቅ ፍርዱን ይጽፋል። መግቢያው ከረዘመ ትዘሉታላችሁ፣ ከዚያ «ጥልቀት የለውም» ትላላችሁ። የሰው አስተያየት አትስሙ ልላችሁ ነበር፤ እኔው ራሴ ስላቀናበርኳቸው ዘፈኖች የተጻፈውን ሁሉ ሌሊት ቁጭ ብዬ አነባለሁ።



ጠያቂዬ፣ የላክሽልኝን ሦስቱንም ዘፈኖች ሰማሁ። ሁለቱ ቀለል ብለው ያምራሉ፤ እንዳትነኪያቸው። ሦስተኛው ቀላል ሳይሆን ያላለቀ ነው፤ አዝማቹ ሁለት ጊዜ ከመጣ በኋላ የሚሄድበት ያጣል። ድራሙን አውጪና በክራር ብቻ ሞክሪው፣ ከዚያ እሑድ ይዘሽልኝ ነይ።