«እናቴ ኪኒናቸውን ትተው አብሽ ይጠጣሉ»

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመታቸው ነው። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ 4 ዓመት ሆኗል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ይወስዱ ነበር። ባለፈው ቀጠሮ «ስኳሩ ካልወረደ ኢንሱሊን እንጀምራለን» ተባሉ። ከዚያ ወዲህ በጎረቤት ምክር ኪኒኑን ትተው ጠዋት ጠዋት አብሽ ይጠጣሉ፤ የሚበሉትም ገብስ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ፋይበር የበዛበት ምግብ ስኳርን ያድናል? (ከደሴ)

መልስ፦ እናትዎን ኪኒን ያስጣላቸው የመርፌው ፍርሃት ይመስለኛልና ከእሱ ልጀምር። «ኢንሱሊን የጀመረ ሰው እግሩ ይቆረጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል» የሚባለው ሐሰት ነው። እግርንም ዓይንንም የሚጎዳው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነው። መርፌው ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ በእሱ ይላከካል። ምግባቸውን አስተካክለው ኪኒናቸውን ሳያቋርጡ ለዓመታት ያለ መርፌ የሚቆዩም ብዙ ናቸው። እናትዎን አይዞዎት ይበሏቸው።

ፋይበር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት አሰር፣ ይረዳል፤ አያድንም። ምስር፣ ገብስና አብሽ ውስጥ ያለው በውሃ የሚሟሟ ፋይበር ሆድ ውስጥ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፣ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። አቅሙ ግን ልክ አለው። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች በቀን 24 ግራም ፋይበር ከሚበሉበት ጊዜ ይልቅ 50 ግራም ሲበሉ ከምግብ በፊት ያለው ስኳራቸው በዴሲ ሊትር ደም በ13 ሚሊ ግራም ገደማ ዝቅ ብሏል። ጥሩ ነው፤ ኪኒን በመተው የወጣን ስኳር ግን አይመልስም።

አብሹን እንየው። ፍሬውን አሳድረው ውሃውን ብቻ የሚጠጡ ከሆነ አብዛኛው ፋይበር የቀረው ከሚጣለው ፍሬ ጋር ነው። ዱቄቱን ዘፍዝፈው፣ ሲረጋ መራራውን ውሃ እየደፉ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ መትተው ከሆነ ፋይበሩ አለ። ታዲያ ማር ይገባበታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ነው! ያለ ማር በደንብ የተመታ አብሽ ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ከምግብ ጋር ቢጠጡት አልቃወምም። የሜትፎርሚንን ሥራ ግን አይሠራም። ሜትፎርሚን ጉበት ሌሊቱን የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፤ ሆድ ውስጥ ያለ አብሽ እዚያ አይደርስም። «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉትም ይስሙኝ፦ አብሽ በባዶ ሆድ ከግሊቤንክላሚድ ጋር ሲደረብ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካዩ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወዲያው ያጠጧቸው።

ሦስት ሳምንት ያለ መድኃኒት ግን ምን ማለት ነው? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን መምጣት ነበረበት። ነገ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ፣ የተረፈውን ኪኒን ይዘው ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ግሊቤንክላሚዱን በራሳችሁ አታስጀምሩ፤ የሚበሉት ስለቀነሰ የድሮው መጠን ሊበዛባቸው ይችላል። ውሃ ጥሙ ከበረታ፣ ሽንት ካመላለሳቸው፣ ካስመለሳቸው ወይም ከፈዘዙ ነገን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

ስለ ምግቡ፦ ገብስ ብቻ መብላት አያስፈልግም። የደላንታ ገብስ ቆሎ ሆኖ ሲታኘክና በሶ ሆኖ ሲበላ አንድ አይደለም፤ ዱቄቱ በላመ ቁጥር ስኳሩ ቶሎ ይወጣል። ከቡና ጋር አንድ እፍኝ ቆሎ ይበቃል፤ በሶ በማር ይቅር። ምስሩ ድፍን ይሁን፣ ክኩ ከነልባሱ ብዙ ፋይበር ጥሏል። አንድ ጭልፋ (100 ግራም ያህል) የበሰለ ድፍን ምስር 8 ግራም ገደማ አለው፤ ለቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ይበቃቸዋል። ጎመንና ምስሩን አስቀድመው ይብሉ፣ እንጀራው ግማሽ ይሁን፤ «ጥቁር ጤፍ ስኳር አያወጣም» ብሎ ሙሉውን መጨረስ አይሆንም። የፉርኖ ዳቦና ማካሮኒ ይቀነስ። ፋይበሩን በአንድ ቀን አታብዙት፣ ሆድ ይነፋል። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን አንድ ጭልፋ ምስር፣ በሚቀጥለው ጎመን ጨምሩ፤ ውሃም በደንብ ይጠጡ።

መለኪያ ካላችሁ መብላት ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለኩ። ከ180 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በላይ ከሆነ የበሉትንና መጠኑን ጻፉ፤ ለቀጠሮው ይዛችሁ ሂዱ።