ግሌዝን በአማርኛ ምን እንበለው?

ከድሬዳዋ አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ቀፊራ የሲኒና የሳህን ሱቅ አለችኝ፣ ማታ ማታ ደሞ ዶናት እየሰራሁ ለካፌ አስረክባለሁ። የዕቃው ካርቶን ላይ ግሌዝ ይላል፣ የዶናት ቪዲዮ ላይም ግሌዝ ይላሉ፣ ታናሽ ወንድሜ ደሞ የምወደውን ዘፋኝ ሳደንቅ ‹ኧረ ግሌዝ አታርጊው አቦ› ይለኛል። አንድ ቃል ነው ወይስ ሦስት? አማርኛውስ ምንድነው?»

እህቴ ቃሉ አንድ ነው። የወጣው እንግሊዞቹ ግላስ ከሚሉት ነው፣ መጀመሪያ መስኮት ላይ መስታወት መግጠም ማለት ነበር፣ ከዛ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ማልበስ ሆነ፣ ከዛ በኋላማ ሸክላውም ኬኩም ስዕሉም ላይ ሄደ። እኛ ጋ የሚያስቸግረው ግላስ የሚባለው ነገር ራሱ አንድ ስም የለውም፣ የምንጠጣበት ብርጭቆ ነው፣ ለስላሳ የሚመጣበት ጠርሙስ ነው፣ መስኮቱም ፊታችንን የምናይበትም መስታወት ነው። አማርኛ ስም ያወጣው ለሚሰራው ስራ እንጂ ለተሰራበት ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ግሱም አንድ ሆኖ ሊመጣልን አይችልም፣ በየቦታው ስራውን አይተን ነው የምንጠራው።

ሱቅሽ ውስጥ ካለው ልጀምር። አንድ ሲኒ አንሺና ገልብጪው። ሆዱም ጆሮውም ለስላሳ ነው፣ ከስር የሚቆምባት ክብ ጠርዝ ግን ሻካራ ናት፣ ጥፍርሽን ብታስኬጂባት ትይዝሻለች። እዛች ጋ ግሌዝ የለም፣ ቢኖር ኖሮ እቶኑ ውስጥ ቀልጦ ሲኒውን ከመደርደሪያው ጋ ያጣብቀው ነበር። ግሌዝ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፣ የደቀቀ ድንጋይ በውሃ ተበጥብጦ ዕቃው ላይ ይደረግና እሳቱ አቅልጦ መስታወት ያረገዋል። ዋናው ነገር ሲሊካ ነው፣ አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ማዕድን፣ ሲሊካ ለብቻው እስከ 1700 ዲግሪ ሳይደርስ አይቀልጥም፣ ሌሎች ማዕድናት ሲጨመሩበት ነው ሙቀቱ ወርዶ እቶን የሚችለው የሚሆነው።

አሁን አጠገቡ ያለችውን ጀበና እይ። እሷ ግሌዝ የላትም፣ የኛ ሸክላ የሚተኮሰው ክፍት እሳት ላይ ስለሆነ ለሱ የሚሆን ሙቀት የለም፣ ግን እናቶቻችን የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳ የሚደፍኑበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው፣ ማሟሸት። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እየታሸ ይሞቃል፣ ጠጥቶ ጠጥቶ እስኪጠግብ። እና ሰዎች ግሌዝን «ማሟሸት» ብለው ሲተረጉሙ በጣም ነው የሚከፋኝ፣ ምክንያቱም ማሟሸት ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፣ ግሌዝ ከላይ የሚለበስ፣ ሁለቱን ብንቀላቅል የእናቶቻችንን ሙያ ስሙን ነጠቅነው ማለት ነው። «ቀለም» ማለትም አይሆንም፣ ምንም ቀለም የሌለው ግሌዝ አለ።

መለበጥ እንበለው የሚሉም አሉ። ጥሩ ቃል ነው፣ ኦሪት ዘጸአት ላይ ታቦቱ በወርቅ ሲለበጥ የምናነበው ነው፣ ግን ለኔ ጆሮ መለበጥ ብረት ብረት ይላል፣ ወርቅ ወይ ብር ከላይ ሲደረግ ነው የሚመጣልኝ። እኔ የምመርጠው ስሙን ተውሰን ግሱን የራሳችን ማረግ ነው፦ «ግሌዝ የለበሰ ሲኒ»። «ግሌዝ የተደረገ» ከማለት ስንት እጥፍ ያምራል፣ ልብስማ ልብስ ነው። መዋስ ደሞ ነውር አይደለም፣ ሲኒ ራሱ ከአረብኛ ነው የመጣው፣ የቻይና ማለት ነው፣ እንግሊዞቹም ያንኑ ዕቃ ቻይና ይሉታል፣ ሊስትሮም ከጣልያን ነው፣ እዛም ነገሩ ማንፀባረቅ ነው።

ዶናቱ ቀላል ነው፣ «ስኳር የለበሰ ዶናት» በይ ሁሉም ይገባዋል። ዳቦ ከሆነ «ፊቱን እንቁላል መቀባት» ነው የምንለው፣ ሙሸበክ ግን ሽሮፕ ውስጥ ይነከራል እንጂ አይለብስም፣ ውስጡ ድረስ ነው የሚጠጣው፣ ስለዚህ እሱን ግሌዝ አትበይው። መስኮት መስታወት መግጠም ነው፣ አለቀ። ሰው ወሬ ሰልችቶት ዓይኑ ግሌዝ ሆነ ሲሉ ደሞ «ዓይኑ ፈዘዘ» ነው፣ ከዛም ከባሰ «ቦዘዘ»፣ እዚህ ጋ መስታወት የሚባል ነገር አይነሳም።

የወንድምሽ ነገር የቅርብ ጊዜ የወጣቶች አነጋገር ነው፣ ሰውን ከልክ በላይ ማወደስ፣ ምስጋና እላዩ ላይ እያፈሰሱ ማብለጭለጭ። ለሱ አማርኛ ሀብታም ነው። ጥቅም ፈልገሽ ከሆነ ማሽቃበጥ ነው፣ አጎንብሰሽ ከሆነ ማሸርገድ፣ ከልብሽ ሳይሆን ከከንፈር ከሆነ ለበጣ (ከላይ ካየነው መለበጥ ጋ ፊደላቸው አንድ መሆኑን ልብ በይ፣ ላይ ላዩን ነው ነገሩ)። አንቺ ግን ዘፋኙን ወደሽው ነው፣ ምንም የምታገኚው የለም፣ ስለዚህ አሽቃባጭ ሊልሽ አይገባም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚካበው ማድነቅሽ ስለበዛ መካብ ነው የሚባለው። ወንድምሽን ቀጣይ «ኧረ አትካቢው አቦ» በል በይው።