«ካርዴ ሊያልቅ ነው፤ አምስት ዓመቴ ተቋርጧል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ባለቤቴ የጣልያን ዜጋ ነው፤ እዚሁ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል። እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ። እሱ ዘንድ ከመጣሁ አምስት ዓመት አልፎኛል። የተሰጠኝ የአምስት ዓመት የመኖሪያ ካርድ ግን የሚያበቃው በመጪው መስከረም ነው። በመሐል ልጃችንን ለመውለድ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ሄጄ ስምንት ወር ቆይቻለሁ። አንዲት ጓደኛዬ «ከስድስት ወር ካለፍሽ ተቋርጧል፤ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ፤ የጀርመንኛ ፈተናም አለ» አለችኝ። ቀጠሮ በኢንተርኔት ብሞክር ክፍት ቦታ የለም። አለቃዬ ደግሞ አዲሱን ካርድ ካላመጣሁ ሥራ እንደማልቀጥል ነግሮኛል። በጥር የእህቴ ሠርግ አለ። ምን ይሻለኛል?

የተጨነቀች እናት፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ለቋሚ የመኖሪያ መብት የሚቆጠርልሽ አምስት ዓመት አልተቋረጠም።

ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም። ምናልባት ባሏ ጀርመናዊ ይሆናል። ጀርመናዊ አግብቶ ጀርመን የሚኖር ሰው የሚዳኘው በአገሩ የውጭ ዜጎች ሕግ ነው፤ እዚያ የቋንቋ ፈተና አለ። የአንቺ መንገድ ሌላ ነው። ባለቤትሽ የራሱን አገር ለቆ በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር የሚሠራ ዜጋ ነው። ስለዚህ አንቺን የሚመለከተው ቁጥሩ 2004/38 የሆነው የኅብረቱ መመሪያ ነው፤ እሱ ፈተና አይጠይቅም። ለብዙ ዓመት ከወገኖቼ ጋር የውጭ ዜጎች ቢሮ እየሄድኩ ሳስተረጉም በብዛት የማየው ይህን መደባለቅ ነው። አንዷ የራሷን ታሪክ ለሌላዋ ታወርሳለች፤ ሌላዋ እንቅልፍ ታጣለች።

ወደ ስምንት ወሩ እንምጣ። መመሪያው በዓመት እስከ ስድስት ወር ብትርቂ ቆይታሽ አይቋረጥም ይላል። ጓደኛሽ የሰማችው ይህን ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን አልሰማችም፦ እንደ እርግዝና፣ ወሊድ ወይም ከባድ ሕመም ያለ ምክንያት ካለ አንድ ጊዜ እስከ 12 ተከታታይ ወር መራቅ ይፈቀዳል። አንቺ የወለድሽ እናት ነሽ፤ ሕጉ ስምሽን ጠርቶ የጻፈ ያህል ነው። የሆስፒታሉን ወረቀት፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የበረራ ትኬትሽን አዘጋጂ። ፓስፖርት ቀይረሽ ከሆነ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያለበትን የአሮጌውን ገጾች አብረሽ አያይዢ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። «እድሳት» ብለሽ አትጠይቂ። አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ከባለቤትሽ ጋር በሕጋዊ መንገድ መኖር ከጀመርሽበት ቀን ነው፤ ካርዱ ከታተመበት ቀን አይደለም። ካርዱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው የሚያበቃበት ቀን ከአምስት ዓመትሽ በኋላ የሆነው። እሱ በእነዚህ ዓመታት ሲሠራ ከኖረ ቋሚ የመኖሪያ መብት ላይ ደርሰሻል። የምትጠይቂው የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ነው፤ ቢሮው «ዳወርአውፍንትሃልትስካርተ» የሚለው። ዐሥር ዓመት ያገለግላል። ከዚያ ወዲያ ባልሽ ሥራ ቢያጣ ወይም፣ አያምጣውና፣ ብትለያዩ መብቱ የራስሽ ነው። የምታጪው ከሁለት ተከታታይ ዓመት በላይ ከጀርመን ከራቅሽ ነው። ይህን ያህል የሚያወጣ ወረቀት ደጃፍሽ ቆሞ ሳለ የአምስት ዓመቷን ካርድ ደግመሽ እንድትወስጂ አልፈልግም።

ማስረጃው የሚከብደው በእሱ በኩል ነው፤ አምስቱን ዓመት መሥራቱን ማሳየት አለባችሁ። የደሞዝ ወረቀት ክምር ከመሸከም ባለቤትሽ ከጡረታ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ የመዋጮ ዝርዝሩን ይጠይቅ። በነጻ ይልኩለታል። የሠራባቸው ወራት በሙሉ አንድ ላይ ተዘርዝረው ይመጣሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ ሳይፈልግ ከሥራ ወጥቶ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የተመዘገበበት ጊዜ ካለም አይጎዳችሁም፤ የምዝገባውን ደብዳቤ ጨምሩ።

ስምሽንም ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ጸሐይ የሚለው ስም በፓስፖርቱ በቲ እና ኤስ፣ በጋብቻ ወረቀቱ በቲ ብቻ ተጽፎ ፋይሉ ለወራት ሲንከባለል አይቻለሁ። የጋብቻው ቀን በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከሰፈረ ተርጓሚው የፈረንጁን ቀን እንዲጨምርበት አድርጊ።

ቀጠሮ ጠፋ ብለሽ መስከረምን አትጠብቂ። ማመልከቻው መግባት ያለበት ካርዱ ሳያልቅ ነው። አጭር ደብዳቤ ጻፊ፤ ቅጂዎቹን አያይዘሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪ፤ በኢሜይልም ድገሚው። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ በደንብ አስቀምጪ፤ በጊዜ ማመልከትሽን የሚያሳየው እሱ ነው። ቢሮው በስድስት ወር ውስጥ ካርዱን መስጠት አለበት። ከጀርመኖቹ መታወቂያ ዋጋ በላይም ሊያስከፍልሽ አይችልም። ስድስት ወሩ አልፎ ዝም ካሉሽ ሶልቪት የሚባለው የኅብረቱ አገልግሎት አለ፤ አቤቱታ በነጻ ይቀበላል።

አለቃሽን በተመለከተ፣ የመሥራት መብትሽ ከካርዱ ጋር አያልቅም። ካርዱ የሚያደርገው ያለሽን መብት ማሳየት ነው። ይህን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቢሮው ጠይቂና ስጪው። አሠሪ የሚፈራው ቅጣትን ነው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል።

ሠርጉ ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ጊዜው ባለፈ ካርድ ከጀርመን መውጣቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ቦሌ የአየር መንገዱ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ መመሪያ 2004/38ን ቁጭ ብሎ አያነብልሽም፤ ካርዱ ላይ ያለውን ቀን አይቶ ከበረራው ያስቀርሻል። የቤተሰብ ቪዛ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ለአንቺ ነጻ ነው፤ ሕጉም ቶሎ ይሰጣት ይላል። ያም ሆኖ ጨቅላ ልጅ ታቅፎ ኤምባሲ ደጅ መጥናት አድካሚ ነው። ማመልከቻሽን በዚህ ሳምንት ላኪ፤ ትኬቱን አዲሱ ካርድ እጅሽ ሲገባ ግዢ።