የግብር እፎይታ ፉክክር የመመረቂያ ርዕስ፣ ብሎም ሙያ ይሆናል ወይ?

ለተከበርሽው እኅታችን፦

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ አገሮች የውጭ ባለሀብትን ለመሳብ የትርፍ ግብር በመቀነስ የሚያደርጉትን ፉክክር የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ለማድረግ ማሰብሽን፣ ቤተሰቦችሽ ግን «ይህ ባንክ ለመቀጠር ምን ይጠቅምሻል?» እንደሚሉሽ ጽፈሽልናል። ርዕሱ እንጀራ ሊሆንሽ ይችላል፤ የሚሆነው ግን በፉክክሩ ላይ ከመከራከር አልፈሽ ሒሳቡን መሥራት ከቻልሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 በአማካይ 40 በመቶ ገደማ የነበረው የዓለም አገሮች የኩባንያ ትርፍ ግብር ዛሬ ወደ 23 በመቶ ዝቅ ብሏል። በእኛ ቀጣና ፉክክሩ ጎልቶ የሚታየው ከመደበኛው ምጣኔ ይልቅ በእፎይታው፣ ማለትም ለተወሰኑ ዓመታት ግብርን በመማር ወይም በመቀነስ ላይ ነው። የኢትዮጵያም የኬንያም መደበኛ ምጣኔ 30 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ ኬንያ በልዩ የኢኮኖሚ ዞኖቿ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 10 በመቶ ብቻ ታስከፍላለች፤ እኛም በኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚገቡ አምራቾች ለዓመታት የሚዘልቅ የግብር እፎይታ እንሰጣለን።

ይህ ሁሉ ባለሀብት ያመጣል ወይ ለሚለው ጥያቄሽ ከከተማሽ ሳትወጪ ግማሽ መልስ ታገኛለሽ። የሆላንድ ካፒታል የገባበት የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ ገበያው እዚሁ አገር ውስጥ ስለሆነ፣ ናይሮቢ ግብር ቀነሰች ብሎ ጓዙን የሚጠቀልልበት ምክንያት የለውም። ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋ የኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ግን የስፌት መኪናዎቹን ጭኖ ሌላ አገር መትከል ስለሚችል የእፎይታ ፉክክር በዋናነት የሚነካው እሱን ነው። እሱም ቢሆን ግብርን ብቻ አይቶ አይወስንም፦ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ስትታገድ፣ ሸሚዙ አሜሪካ ወደብ ላይ ቀረጥ ለሚጠየቅበት አምራች ገና ባላገኘው ትርፍ ላይ ግብር መማሩ ብዙም አላጽናናውም። ሰላም፣ መብራትና የውጭ ምንዛሪም በዚያው ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። አንድ ፋብሪካ 5 ዓመት እፎይታ ተሰጥቶት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ቢከስር፣ ኪሳራው ወደሚቀጥሉት ዓመታት መሸጋገሩን ለጊዜው ትተን፣ እፎይታው በተግባር የሚጠቅመው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚያተርፈው፣ ማለትም ማበረታቻ እምብዛም የማያስፈልገው፣ አምስቱንም ዓመት ይጠቀማል። 

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ከ130 በላይ አገሮች፣ ዓመታዊ ገቢያቸው 750 ሚሊዮን ዩሮና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በተለያዩ አገሮች የሚሠሩ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ ግብር እንዲከፍሉ ተስማምተዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ የማረችውን ግብር የኩባንያው እናት አገር ልትሰበስበው ትችላለች። ሆኖም ከደመወዝና ከቋሚ ንብረት አንጻር የሚሰላ መጠን ከትርፉ ላይ አስቀድሞ ስለሚቀነስ፣ ብዙ ሠራተኛ የሚያሠራ የልብስ ፋብሪካ ጫናው ይቀልለታል።

ስለዚህ ርዕስሽን አጥብቢው። አንድ ምናባዊ የልብስ ፋብሪካ ወስደሽ የ10 ዓመት ግብሩን በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሩዋንዳ ሕግ በኤክሴል አስይው፤ ለአገራችን መነሻሽ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ይሁኑ፤ ማሻሻያዎቻቸውንም አትዝለያቸው። ይህን ሠንጠረዥ ይዞ የሚመጣ ተመራቂ በገቢዎች ሚኒስቴር፣ በኦዲት ድርጅቶች፣ በኢንቨስትመንት ኮሚሽንና በፓርኩ ፋብሪካዎች የፋይናንስ ክፍል ፊት የሚያሳየው ሥራ አለው። የአሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ) ፈተና ለመጀመር ካሰብሽም የግብሩን ትምህርት ወደ ኋላ አታቆዪው።

ባንኩን በተመለከተ ቤተሰቦችሽን አትሟገቺ፤ ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገቢ። ከተቀጠርሽ በኋላ ግን ወደ ብድር ትንተና ክፍል ለመዛወር ጠይቂ፤ የተበዳሪ ፋብሪካዎች የሒሳብ መግለጫና የግብር ሰነድ የሚመረመረው እዚያ ነው።