መልስ፦ ዝና በችሎታ ነው በሚዲያ?

ወንድሜ፣ «ሰው ዝነኛ የሚሆነው በችሎታው ነው ወይስ ሚዲያ ስላወራለት?» ላልከው፣ ችሎታ በር ይከፍታል። ስሙን ሰው አፍ ላይ የሚያቆየውና ምስሉን የሚቀርጸው ግን ሚዲያው ነው።

አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ብሪትኒ ስፒርስን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 ፀጉሯን ስትላጭ ፓፓራዚዎች (ዝነኞችን እያሳደዱ ፎቶ አንስተው የሚሸጡ ሰዎች) በፀጉር ቤቱ መስኮት ፎቶ አነሷት። ፎቶው ዓለምን አዳረሰ፤ «አበደች» ተባለ። በ2008 ፍርድ ቤት ሕይወቷም ገንዘቧም በሞግዚት እንዲተዳደር አደረገ። ነፃ የወጣችው በ2021 ነው። በዚያ ሁሉ መሃል አልበም ታወጣ፣ መድረክ ላይም ትሠራ ነበር። ሰው ግን የሚያስታውሰው ያንን ፎቶ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ፎቶው የተሸጠው እኛ ስለምናይ መሆኑ ነው። አሁን ደግሞ ካሜራው በየሰዉ ኪስ ገብቷል። ታዋቂ ሰው «ተበላሸ» ሲባል ስትሰማ፣ ምስሉን ማን እንዳነሳውና ማን እንደሚያተርፍበት ጠይቅ።